ሮኬት ያልላጠችው ሽንኩርት

የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ስስ ነው። እንዲያውም ግድግዳ ከማለት ቀለም የተቀባ ወንፊት ማለት ይቀላል። እማማ ጥርሳቸውን፣ ማለትም የቀሩትን፣ ሊቦርሹ ብሩሹን አፋቸው ውስጥ እንደሸጎጡ ምራታቸው ከማዶ ባሏን በሹክሹክታ ስታዋክበው ሰሙ። የምራታቸው ሹክሹክታ የሌላ ሰው ጩኸት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በፋርማሲ መስኮት "ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስቴ" ስትል የኖረች ሴት ድምፅሽን ቀንሺ ብትባል ከየት ታመጣዋለች። በዓይኔ በብረቱ አየሁ ትላለች። ትናንት የረሳችውን ስልክ ልትወስድ ከመንገድ ተመልሳ በኩሽናው በር መስታወት ብቅ ብትል፣ አማቷ ጎንበስ ብለው ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ሠራተኛዋ ደግሞ አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጣ በሌላው ላይ እግሯን ሰቅላ ወሬዋን ትሰልቃለች። እጃቸው ተሰብሮ የዳኑ አሮጊት፣ በገዛ ልጃቸው ቤት። ደመወዙን የምትበላው እሷ፣ በሽንኩርት የሚያለቅሱት እሳቸው።

"ዛሬ ለእጃቸው የጠራናት ቴራፒስት መጥታ ትሂድ፤ በእንግዳ ፊት ነገር አላነሳም" አለች ምራቲቱ። "እሷ እንደወጣች ግን ያቺ ሮኬት የምትላት ሠራተኛ ዕቃዋን ትሸክፋለች። ነገ ጠዋት ኤጀንሲው ሌላ ሴትዮ ይልካል። የሠለጠነች ናት። ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች።"

እማማ "ታጎርሳቸዋለች" የሚለውን ሲሰሙ የጥርስ ሳሙናውን ዋጡት። ልጃቸው ምን እንደሚመልስ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ጠበቁ። እሱ ግን እንደ ልማዱ ረጅም ትንፋሽ አወጣና "እሺ" አለ። በዚህ ቤት ትልቅ ነገር የሚቆረጠው በእሱ እሺ ነው፤ ችግሩ እሺውን የሚሰጠው ቀድሞ ለደረሰ ሰው ነው።

ለነገሩ ልጅየው ክፉ ሆኖ አይደለም። የዛሬ አምስት ወር ገደማ እማማ የቁም ሳጥን አናት ሊወለውሉ በርጩማ ላይ ወጡ። በርጩማውም ወረደ፣ እሳቸውም ወረዱ፤ በርጩማው ደህና ነበር፣ የእማማ ቀኝ እጅ ግን አንጓው ላይ ተሰበረ። ጄሶው የተፈታ ዕለት ልጅየው ሕግ አወጣ፤ እማዬ ከእንግዲህ ጠጠር አታነሳም። መስኮቱ አጠገብ ለስላሳ ወንበር ተደረገላቸው። ሻይ ይመጣላቸዋል፣ ነጠላ ጫማቸው እግራቸው ድረስ ይመጣል፣ የቀረው አየሩ ተመጥኖ በማንኪያ መምጣቱ ብቻ ነበር። የመጣ እንግዳ ሁሉ "ታድለው" ይላቸዋል። እሳቸውም እንደ አበባ ማስቀመጫ ቁጭ ብለው "አዎ፣ ታድዬ" ይላሉ። አንድ ቀን የጠጡበትን ሲኒ ከጠረጴዛው ላይ ብድግ ሲያደርጉ ልጃቸው ፊቱ አመድ መስሎ፣ ፍም የጨበጡ ይመስል በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ከዚያ ወዲህ በእናትና በልጅ መካከል የቀረው ወሬ "በላሽ?" "በላሁ"፣ "ተኛሽ?" "ተኛሁ" ብቻ ሆነ። ሥራ ናፈቀኝ ብለው ሊነግሩት ስንቴ አፋቸውን ከፍተው ያንን አመድ የመሰለ ፊት እያስታወሱ ዘጉት።

ታዲያ ሆድ የባሰው ሰው መላ አያጣም። አንድ ቀን ባልና ሚስቱ ሥራ እንደወጡ እማማ ሠራተኛዋን ነጭ ሽንኩርት ይዛ ስትነጫነጭ ያገኟታል፤ ጥፍሯን ገና ቀለም መቀባቷ ነበር። "እስቲ አምጪው" አሏት። አመጣችው። በዚያው ቀረ። ቀስ በቀስ ኩሽናው በቀን የእማማ ሆነ፤ እሳቸው ይልጣሉ፣ ይፈለፍላሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ይሰፋሉ፤ ልጅቷ የፊልም ታሪክ ከነሙዚቃው ትተርክላቸዋለች። ማታ ባልና ሚስቱ ሲገቡ ምግቡ ደርሶ፣ የሸሚዙ አንገት እንደ ምላጭ ቆሞ፣ የወለቀው ቁልፍ ተተክሎ ያገኙታል። "ይቺ ልጅ ሰው አይደለችም፣ ሮኬት ናት" አለ ልጅየው አንድ ቀን በአድናቆት። ስሟም ሮኬት ሆኖ ቀረ። የሮኬቷ ነዳጅ ግን በዚያች ሰዓት መስኮቱ አጠገብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው መንገድ ያያሉ።

እንግዲህ ያን ዕለት ጠዋት እማማ አፋቸውን በቅጡ ሳይጉመጠመጡ ወደ ኩሽና ሾለኩ። ሊያባርሩሽ ነው አሏት። ሮኬት ዳቦ እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች፣ ትንሽ አሰበች፣ መልሳ አነሳችው።

"እኔስ ሌላ ቤት አላጣም" አለች። "የሚላጥ ሽንኩርት የሚያጡት እርስዎ ነዎት።"

"እኔን በማንኪያ ሊያጎርሱኝ ነው፣ አንቺ ትቀልጃለሽ።"

"ታዲያ አፍዎን ይዝጉባቸዋ።"

እማማ መሳቅ አልፈለጉም፤ ሳቁ ግን ፈቃድ አልጠየቃቸውም። አፋቸውን በቀሚሳቸው እጅጌ አፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ሮኬት ዕቅድ አወጣች። ዛሬ ሁለቱም ቤት ውለዋል፤ እማማ ምንም ሳይነኩ ወንበራቸው ላይ ይቀመጡ፣ እሷ ብቻዋን ቤቱን ቀጥ አድርጋ ሠርታ ታሳያቸዋለች፣ እነሱም ይጸጸታሉ። "አንቺ፣ ብቻሽን?" አሉ እማማ፣ ባሕር ልሻገር ያለን ሕፃን በሚጠይቁበት ድምፅ።

እውነትም ሮኬቷ ያለ ነዳጅ አልተነሳችም። መጀመሪያ ጨው ጠፋት። ኩሽናውን ያደራጁት እማማ ናቸውና ምን የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሮኬት በኩሽናው በር አንገቷን አውጥታ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን እያሻሸች ምልክት ሰጠች። እማማ በቅንድባቸው ወደ ላይ፣ ከዚያ በአገጫቸው ወደ ግራ አመለከቷት። ጥቂት ቆይቶ በርበሬ ጠፋ፤ ቅንድብ ወደ ታች። ከዚያ ማጥለያው፤ አሁን እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ገልጠው፣ አፋቸውን ወደ ቀኝ አጣመው ሊያስረዱ ሲሞክሩ ምራታቸው ከሶፋው ላይ ጋዜጣዋን ዝቅ አደረገች። ምን ነካዎት አለቻቸው። ብርሃኑ ነው አሉ። ብርሃን ሲሉ የሰማች ፋርማሲስት ደግሞ ዝም አትልም፤ ወዲያው መሳቢያ ከፍታ የዓይን ጠብታ አመጣችና አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀና አድርጋ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞላቻቸው። እማማ ለሩብ ሰዓት ያህል ማንንም በምልክት መርዳት አልቻሉም። ሮኬት በበሩ እየወጣች እየገባች የማን ያለህ ትላለች፤ እሳቸው ጉንጫቸው እየረጠበ ጣራውን ያያሉ። ምራቲቱ ወደ ኩሽናው ብቅ ብላ የልጣጩን ቅርጫት አየት አደረገችና ሽንኩርት የወርቅ ዋጋ በሆነበት ዘመን እንዲህ ወፍራም አድርጎ የሚልጥ ሰው አይቼ አላውቅም አለች፤ ሰሞኑን እንደ ወረቀት ስስ ነበር፣ ዛሬ ግማሹ ለቅርጫቱ ሄደ። ልጅየው "እም" አለ። እማማ የእሳቸውን አላላጥ በማሞገሷ ደስ ሊላቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ቴራፒስቷ ከረፋዱ ላይ መጣች። ጀርባዋ ላይ ትልቅ ቦርሳ ያዘለች፣ ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥታም ትንፋሿ ያልተቆራረጠ ወጣት ሴት ናት። ምራቲቱ አልጋው ላይ ፎጣ ዘርግታ፣ ካምፎር የሚሉት ሽታው ኃይለኛ መድኃኒት የገባበት ዘይት በሙቅ ውኃ ላይ አሙቃ ነበር የጠበቀቻት። ቤቱ በሙሉ ካምፎር ካምፎር ይሸታል። ቴራፒስቷ ፎጣውንም ዘይቱንም አየች፣ ፈገግ አለች፣ ማሸት ሥራዋ እንዳልሆነ በትሕትና ነገረቻቸው። የእሷ ሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው፤ ሰው ታሞም ሆነ አርጅቶ የዕለት ኑሮውን በገዛ እጁ እንዲኖር ማለማመድ፤ መታጠቡን፣ መልበሱን፣ ማብሰሉን፣ የሚወደውን ሥራ ሁሉ። ምራቲቱ ዘይቱን ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ይዛው ቆመች። እማማ ግን በረጠበው ዓይናቸው ወጣቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩአት።

ልጅየው ወንበር አቀረበና የትናንቷን ሽንኩርት ዘልሎ በኩራት ሪፖርቱን አሰማ፤ አምስት ወር ሙሉ እማዬ ጠጠር አላነሳችም። "አምስት ወር?" አለች ቴራፒስቷ፣ ቤታችሁ ሲቃጠል አየሁ እንደተባለ ሰው። ከዚያ ከቦርሳዋ ዕቃዎቿን ታወጣ ጀመር። በመጀመሪያ የመጨበጥ ኃይል የሚለካ ባለ መርፌ እጀታ ሰጠቻቸው። እንዲህ ቁጭ ብሎ የከረመ እጅ መርፌዋን ንቅንቅ ያደርጋት እንደሆነ ነው ብላ ጠብቃ ነበር፤ መርፌዋ ብድግ ብላ ሄደች። ቴራፒስቷ መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ በራሷ እጅ ሞከረችው። መሣሪያው ደህና ነው። ቀጥሎ ቁልፍና ቁልፍ ማስገቢያ የተሰፋበት ጨርቅ አመጣች፤ እማማ ጣራ ጣራውን እያዩ ከላይ እስከ ታች ቆለፉት፣ መልሰው ፈቱት፣ አንዱ ቁልፍ ክሩ መላላቱንም ነገሯት። ልጅየው እስቲ እኔም ልሞክረው አለ። አንዱን ዘልሎ ስለ ጀመረ መጨረሻ ላይ አንድ ቁልፍ ቤት አጥቶ ቀረ። ምራታቸው ልትናገር አፏን ስትከፍት እማማ በዓይናቸው ገሠጿትና ልጃቸውን አይዞህ፣ ያለማምዱሃል አሉት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅየውም ሳቀ። አምስት ወር ሙሉ እናትና ልጅ ባንድ ነገር አብረው ሲስቁ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ቴራፒስቷ የእማማን ቀኝ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ገለበጠችው። አውራ ጣታቸው ጫፍ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ የተወው ቡናማ ቀለም አለ፤ አንጓቸው አጠገብ ደግሞ የካውያ ጠርዝ የላሰው ትንሽ ምልክት። ጣቱን አየች፣ እማማን አየች። እማማም መልሰው አዩአት። ሠራሁ ካሉ ሮኬትን ቀበሯት፤ አልሠራሁም ካሉ ራሳቸውን ቀበሩ፣ ከነገ ጀምሮ አፍ ከፍቶ ማንኪያ መጠበቅ ነው። "እጅዎ በጣም ጥሩ ነው" አለች ቴራፒስቷ ቀስ ብላ፣ መልሱን ለእሳቸው ትታ። ልጅየው ከእናቱ አፍ ቀደመና በረጅሙ ፈገግ ብሎ "እረፍቱ ነዋ" አለ። ያንን ደስ ያለው ፊት ሲያዩ እማማ ያዘጋጁትን ቃል መልሰው ዋጡት። በዚህ አያያዛቸው ከጥርስ ሳሙናው ጋር ዛሬ ብዙ ነገር ውጠዋል።

የእጁ ፈተና አልቆ የጭንቅላቱ ተጀመረ። ዕለቱን ነገሯት፣ ወሩን ነገሯት። የሦስት ዕቃ ስም ጠርታላቸው በልብዎ ያዙልኝ አለች፤ ያዙላት። ቤት ውስጥ አደጋ ቢመጣ ምን እንደሚያደርጉ ልታውቅ ፈለገች።

"ከኩሽና የሚያር ነገር ቢሸትዎት ምን ያደርጋሉ?"

"እየሸተተኝ ነው" አሉ እማማ።

ምራቲቱ አፏን በእጇ ያዘች። ልጅየው አንገቱን ሰበረ። እስካሁን እንዲያ አሳምረው የሄዱት ሴትዮ እዚህች ላይ ሲሰናከሉ ማየት አንጀት ይበላል። "ቢሸትዎት ነው የተባሉት፣ እማማ" አለች ምራቲቱ ለሕፃን በሚነገርበት ዜማ። "ለምሳሌ ነው።"

"ምሳሌው እያረረ ነው ልጄ" አሉና ተነሡ።

የቀረው ሰው አፍንጫ በካምፎሩ ተደፍኗል፤ እማማ ግን ወንበራቸው ለኩሽናው በር የቀረበ ነበር። ቀሚሳቸውን በግራ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው እንዲያ ሲፈጥኑ ያያቸው አሮጊት አይላቸውም። ሌሎቹ ደንግጠው ተከተሏቸው፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ኩሽናው ጭስ ለብሷል። እማማ ጋዙን ጠርቀም አደረጉት። ወደ ቀኝ ሳያዩ ሁለተኛውን መሳቢያ ስበው መያዣ ጨርቅ አወጡ፣ ድስቱን በሁለት እጃቸው፣ በዚያ በተሰበረው እጅ ጭምር፣ አንሥተው ማጠቢያው ውስጥ አኖሩት፣ በክርናቸው ቧንቧውን ከፈቱ፣ መስኮቱን በጡጫ መታ አድርገው አላቀቁት። ያ መስኮት መታ ካልተደረገ እንደማይከፈት ባለቤቶቹ ራሳቸው አያውቁም ነበር። ድስቱ ቱሽ አለ። ከዚያ ዞር አሉ። ሦስት ሰው በሩ ላይ ተደርድሮ፣ ሦስት አፍ ተከፍቶ ያያቸዋል። እማማ የያዙትን ጨርቅ ከኋላቸው ደበቁት፤ ከዚያ የመደበቁ ትርጉም ጠፋቸውና መልሰው አወጡት።

በዚህ መሐል ሮኬት ከበረንዳው ደረሰች። የታጠበ አንሶላ ብቻዋን ልታጥፍ ስትታገል ሽታው ደርሷት ስለ ሮጠች፣ አንሶላው ግማሹ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ግማሹ ከኋላዋ ይጎተታል። መንፈስ እንጂ ሠራተኛ አትመስልም። ቴራፒስቷ ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላው ሰው እንደማይስቅ ስታይ ሳል አስመሰለችው።

"ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ" አሉ እማማ። ድምፃቸው መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ መሬት ያዘ። "እሷን አስገድጄ ነው። እናንተ ስትወጡ ኩሽናው የኔ ነው።"

ምራቲቱ ደግነታቸው ነው ብላ ልታልፈው ፈለገች፤ ይህችን ልጅ ሊሸፍኗት ነው እንጂ ወደው የሚያደርጉት አይመስልም አለች። ቢሆንም ጥርጣሬው ገብቷት አንድ በአንድ ትጠይቅ ጀመር። ሰሞኑን እንደ ወረቀት የሳሳው ሽንኩርት? እኔ። የባሏ ሸሚዝ አንገት? እኔ። የመጋረጃው ጠርዝ? እኔ። ባለፈው ሳምንት ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ በኩራት ያቀመሰችው የአተር ሾርባ? እማማ ትንሽ አፍረው መሬት መሬቱን አዩና እሱም እኔ አሉ።

ልጅየው የሸሚዙን አንገት በጣቱ ዳሰሰ። "ታዲያ ሮኬት ምን ትሠራለች?" አለ።

ሁሉም ወደ አንሶላው ዞረ።

"እኔ አጫውታቸዋለሁ፣ ጋሼ" አለች ሮኬት ከአንሶላው ውስጥ።

ይሄኔ ቴራፒስቷ ሳሉ አላዋጣትም፤ በርጩማው ላይ ዘፍ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሮኬት ደግሞ አንዴ ከጀመረች አታቆምምና እውነቱን ዘረገፈችው። አሮጊት ላድን ብላ አይደለም፣ ሰንፋ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ጥፍሯ ውስጥ እየገባ ስላስቸገራት ሰጠቻቸው፣ እሱን ሲጨርሱ አተሩ ተረፋት፣ እሱንም ሰጠቻቸው፤ ካውያውን ግን ራሳቸው ናቸው የነጠቋት። እትዬ ቢያባርሩኝም አይፈረድባቸውም ብላ ጨረሰችና አንሶላውን ከአንገቷ ትፈታ ጀመር።

ቴራፒስቷ ዓይኗን ጠርጋ ስትነሣ ግን ቁምነገሯን ይዛ ነበር። እስከ ዛሬ ስንፍና አዝዛ አታውቅም፤ ይህን እጅ ያዳነው ግን ሥራ እንጂ እረፍት አይደለም። እጅ ካልሠራ ይደርቃል፤ ጭንቅላትም ዛሬ ምን ይበሰል፣ ምን ጎደለ ብሎ የሚያስበው ካጣ እንደ ተዘጋ ቤት አቧራ ይለብሳል። ያም ሆኖ እማማንም አልማረቻቸውም። ወለሉ ላይ ያለችውን የምታንሸራትት ምንጣፍ በእግሯ ገፋ አድርጋ ይህቺ ዛሬውኑ ትውጣ አለች፤ የቢላዋው እጀታ ቀጭን ስለሆነ ጨርቅ ይጠምጠምበት፤ መላጡም መተኮሱም ተቀምጦ ነው፣ ሲደክምም ማረፍ ነው፤ በርጩማ ላይ መውጣት የሚባል ነገር ግን በሕልምም እንዳይታሰብ። እማማ እንደ ተማሪ እሺ፣ እሺ አሉ። እሺ ማለት እንዲህ ደስ እንደሚል ረስተውት ነበር።

ምራቲቱ አሁንም አልተረታችም። ሰው ምን ይላል፣ ምራቲቱ አሮጊቷን ታሠራለች አይባልም ወይ፣ እኔኮ ባከብራቸው ነው አለች፤ ይህን ስትል ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ሹክሹክታ ሆነ። እማማ ጠጋ ብለው በእርጥብ እጃቸው ጉንጯን ነኩት። አውቃለሁ ልጄ፣ ግን አክብሮቱ አንቆ ሊገድለኝ ነው አሏት። ምራቲቱ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣትና ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ጊዜ ስላጣች ወደ ባሏ ዞረች። "እናትህ ናቸው። የነገዋ ሴትዮ ትምጣ አትምጣ አንተ ቁረጥ" አለች።

ልጅየው ማጠቢያው ውስጥ ያለውን ያረረ ድስት ያያል። ፊቱ እንደዚያ እንደ ሲኒው ቀን አመድ መስሏል። እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ። ቴራፒስቷ ጥቂት ጠበቀችው፤ ከዚያ ወደ እማማ ዞራ፣ ከሁሉ ሥራ የትኛውን ነው የሚወዱት ብላ ጠየቀች። እማማ አላመነቱም። ጡረታ እስኪወጡ የኖሩት በሆቴል ልብስ ንጽሕና ክፍል ነው፤ አንሶላ ማጠፍ ይወዳሉ፣ አንሶላ ግን ለብቻ አይታጠፍም አሉ። ሮኬት ወዲያው የአንሶላውን ጫፍ ይዛ ብድግ አለች። ቴራፒስቷ ጫፉን ከእጇ ቀስ ብላ ወሰደችና ለልጅየው ሰጠችው።

በረንዳው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰውና አንድ አንሶላ ገብተው ሌላው በበሩ ያያል። ነፋስ አለ፤ አንሶላው እንደ ሸራ ተነፋ። እማማ ሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ልጅየው ሁለት ጫፍ ይዞ ቆመ። ወጥር አሉት፤ እናቱን ጎትቶ እንዳይጥል ፈርቶ አላላው። ወጥር እንጂ፣ አልበጠስም አሉት። ወጠረ። ቀኝህን ወደ ግራህ አሉት፤ እሱ ግራውን ወደ ቀኙ አደረገና አንሶላው እንደ ገመድ ተጠመዘዘ። በበሩ በኩል ሳቅ ተሰማ። ፈታ፣ እንደገና። አራገፉት፤ አንሶላው ጯ ብሎ ነፋሱን ተፋው። አሁን ወደ እኔ ና አሉት። እሱ ግን እሳቸው ወደ እሱ ሲመጡ እንዳይደክማቸው ብሎ ሮጠና መሐል ላይ በግንባር ሊጋጩ ሲሉ ቆሙ። ቀስ ብለህ፣ ይህ ውድድር አይደለም፣ አንድ እርምጃ አንተ፣ አንድ እርምጃ እኔ። እንዲህ እየተራመዱ መሐል ላይ ተገናኙ፤ ጣቶቻቸው ጫፉ ላይ ተነካኩ። ልጅየው ጫፉን አጥብቆ ያዘ።

"እንዳትወድቂብኝ ብዬ እኮ ነው" አለ፣ እናቱ ብቻ በሚሰሙት ድምፅ።

"አውቃለሁ" አሉ። "ተቀምጬም ወድቄብህ ነበር፤ አላየኸኝም እንጂ።"

ልጅየው አንገቱን ደፍቶ ጫፉን ከጫፉ ጋር ገጠመ። እማማም አልቸኮሉም። ነፋሱ የቀረውን የአንሶላ ጠርዝ በሁለቱ ጉልበት መሐል ያማታዋል። ከዚያ ልጅየው፣ ሚስቱ ዳግም ሳትጠይቀው፣ ፊቱንም ሳያዞር፣ "ለኤጀንሲው ደውዪ፤ ሴትዮዋ አትምጣ" አላት። ሮኬትስ ብላ ምራቲቱ ስትጠይቅ ትንሽ አሰበ። ትቆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን እሷም ትሥራ አለ። ሮኬት ይህን ውሳኔ እንደ ድልም እንደ ቅጣትም ተቀብላ ያረረውን ድስት ልትፈገፍግ ገባች።

አንሶላው ታጥፎ አለቀ። ልጅየው በሁለት መዳፉ ላይ አድርጎ እንደ ሽልማት ለእናቱ አቀረበላቸው። አንዱ ጎን ረዝሟል፣ አንዱ አብጧል፣ መሐሉ ጉብታ አውጥቷል። እማማ አዙረው አዩት፣ ከላይ አዩት፣ ከታች አዩት። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ይዘው በረንዳው ላይ ጯ አድርገው ዘረገፉት።

"እንደገና" አሉት።